አራት ጣት ከአሸዋው በላይ

ማክሰኞ ጠዋት የጥርስ ሐኪሟ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር መንጋጋ ላይ አጎንብሳ ሳለ፣ ከመጠበቂያ ክፍሉ የሆነ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ድምፁ የታፈነ ነበር፤ እህል የሞላ ጆንያ ከትከሻ ላይ ሲወረወር እንደሚሰማው ያለ። መሰርሰሪያውን አቆመች። ሾፌሩ አፉን እንደከፈተ ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ። ነርሷ በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ብቅ አለችና፣

«ዶክተር፣ ድንጋዩ ወደቀ» አለች።

ሐኪሟ ጓንቷን ሳታወልቅ ወጣች።

ድንጋዩ የወደቀው ከመጠበቂያ ክፍሉ ግድግዳ ጋር በቆመው አኳሪየም ውስጥ ነው። አራት መቶ ሊትር የባሕር ውሃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ነው፤ ዓሣና ኮራል ይኖሩበታል። በዚያች ሰዓት ግን ከደፈረሰ ውሃ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃ ነው ጉዳቱን ያየችው። ከላይ እንደ ጣሪያ የተቀመጠው ጠፍጣፋ ድንጋይ ተንሸራትቶ የፊቱን መስታወት መትቶታል። መስታወቱ አልተሰነጠቀም፤ ታችኛው ጥግ ላይ ግን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ስባሪ ከውስጥ በኩል ተነሥታለች። ቢጫዋ ዓሣ ሞታለች። ቅርንጫፍ ያለው ኮራል ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሦስት ታካሚዎች ከገንዳው ርቀው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ክሊኒኩ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ የልብስ ሰፊው ሱቅ አለ። መስታወቱ ተሰብሮ ቢሆን ያ ሁሉ ውሃ የሚወርደው ተሰፍተው በተሰቀሉት ሱፎች ላይ ነበር።

ሾፌሩ አንገቱ ላይ ፎጣ እንደታሰረለት ከኋላዋ መጥቶ ጥቂት አየና፣ «እኔ እንኳ ሌላ ቀን ብመለስ ሳይሻል አይቀርም» አለ። ጥርሱ በግማሽ ተቦርቡሯል። ነርሷ እንደ ሕፃን እጁን ይዛ ወደ ወንበሩ መለሰችው።

ገንዳውን የገዛላት ባሏ ነው፤ ክሊኒኩን በከፈተች ዕለት። ጥርስ ሊታከም የሚመጣ ሁሉ ፈርቶ ነው የሚመጣው፣ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ያስፈልገዋል ብሎ። ባሏ መንገድ ቀያሽ ነው። ከዓመቱ ስምንቱን ወር ድንኳን ውስጥ ስለሚያሳልፍ፣ ስጦታ ሲሰጥ እሱ በሌለበት የሚያጫውት ነገር ይመርጣል። ድንጋዮቹን የደረደረችው ግን እሷ ራሷ ናት። ሁለት ሙሉ ቀን ፈጅቶባታል። መጀመሪያ ነጩን አሸዋ አለበሰች፤ አሸዋው ላይ ትልልቆቹን ድንጋዮች አስቀመጠች፤ በላያቸው ትንንሾቹን፤ መሐሉን እንደ መስኮት ክፍት ተወችና ከላይ ጠፍጣፋውን ጫነችበት። ሲያዩት ከባሕር ሥር ተቆርጦ የመጣ ይመስል ነበር። ስድስት ዓመት ቆመ።

ነገሩን የለወጡት ሁለት ትንንሽ ዓሦች ናቸው። ከአራት ወር በፊት የመጡ ጥንድ ናቸው፤ ርዝመታቸው ከአመልካች ጣት አይበልጥም። ሥራቸው መቆፈር ነው። አፋቸውን አሸዋ ሞልተው ከድንጋዩ ሥር ይወጣሉ፤ ፊት ለፊት ይተፉታል፤ ተመልሰው ይገባሉ። ታካሚዎቹ ከሌሎቹ ዓሦች ሁሉ አብልጠው የወደዷቸው እነሱን ነበር። «ኮንትራክተሮቹ» የሚል ስም ያወጣላቸው አንድ ጡረተኛ ነው። «እንደ እኛ ሰፈር ኮንትራክተር ናቸው፤ ይቆፍራሉ እንጂ አይጨርሱም» ይል ነበር። አራት ወር ሙሉ ሰው እየሳቀ ያያቸው የነበረው የቤታቸውን መሠረት ሲያወጡ ነው። ያን ጠዋት አንደኛው ፈርቶ የማጣሪያው ቱቦ ሥር ተወሽቆ ተገኘ። ሌላኛው የለም።

ለገንዳው ጨውና መድኃኒት የሚያቀርበውን ሰው ጠሩት። ሰውየውን ሁሉም «ጨዋው» ይለዋል፤ ጨው ስለሚሸጥ ይሁን ሰው ስለማያስቀይም አይታወቅም። ከምሳ በፊት ደረሰ። እጅጌውን ሰበሰበና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ወደ ነበሩበት መለሰ።

«ያጋጥማል ዶክተር፤ ምንም አይደል» አለ። «እንዲያውም ከበፊቱ አማረ።»

ሐሙስ ጠዋት ክሊኒኩን ሲከፍቱ ጠፍጣፋው ድንጋይ እንደገና ወደ መስታወቱ አዘንብሎ አገኙት።

«አባባን ለምን አንጠራቸውም?» አለች ነርሷ።

ሐኪሟ ጓንቷን እያጠለቀች ወደ ታካሚዋ ተመለሰች።

አባባ የባሏ አባት ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸው ቤት ሲኖሩ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሐኪሟና እሳቸው ተጣልተው አያውቁም። ችግሩም እሱ ነበር። ባገባች በመጀመሪያው ዓመት አማቷ ሊጠይቋቸው መጥተው ሳሎን ተቀምጠው ሳለ የወጥ ቤቱ ማጠቢያ ተደፈነ። እሷ፣ እንግዳ ማስቸገር ነውር መስሏት፣ ስልክ ደውላ ሌላ የቧንቧ ሠራተኛ አስመጣች። አማቷ ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡና ሰውየው ሥራውን እስኪጨርስ ባትሪ አበሩለት። ከዚያን ቀን ወዲያ «አንቺ» ብለዋት አያውቁም። «ዶክተር» ሆነች፤ «እርስዎ» ሆነች። ምን እንዳጠፋች ባሏ የነገራት ከሦስት ወር በኋላ በስልክ ነው፤ እየሳቀ። ይቅርታ ልትጠይቅ ሁለት ጊዜ ሞክራለች። «ምን በወጣዎት ዶክተር» ብለው ዘጉት።

እሷ ቤት መኖር ከጀመሩ በኋላ አንድ ዓመት ያህል አብረው ማዕድ ይቀርቡ ነበር። አንድ ቀን ግን ምግባቸው ክፍላቸው ድረስ እንዲመጣላቸው በትሕትና ጠየቁ። ያው የድሮው ቂም ነው አለች በልቧ፤ ትሪ አዘጋጀችላቸውና ምክንያቱን አልጠየቀችም።

ነርሷ ሳታስፈቅድ ደወለች።

አማቷ እኩለ ቀን ላይ መጡ፤ በግራ እጃቸው የመሣሪያ ቦርሳ ይዘዋል፤ ቀኝ እጃቸው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነው። ወንበር ስበው ገንዳው ፊት ተቀመጡ። አርባ ደቂቃ ያህል ድንጋዮቹን ሲያዩ ቆዩ። ታካሚዎች ገቡ፣ ወጡ፤ አንዲት ሴት ወረፋ የሚጠብቁ መስሏት «ቀድመውኛል አባት፣ ይግቡ» አለቻቸው። ሐኪሟ እጇን እየታጠበች ወጣ ስትል ቀና አሉ።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያምራል» አሉ። «ግን አልቆመም። አሸዋ ላይ ተኝቶ ነው ያለው።»

ከዚያ ነርሷን ማንኪያ አስመጡና በግራ እጃቸው ከኋለኛው ድንጋይ ሥር አሸዋ ጭልፈው አወጡ። ከላይ ነጭ የሆነው አሸዋ ከሥር እንደ ከሰል ጠቁሯል። ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታ።

«ውሃ ከሥሩ አያልፍም። የዓሣው ኩስ፣ የምግቡ ትራፊ፣ ሁሉ እዚህ ይገባና ይታፈናል። ዓሦቹ ባይቆፍሩትም ይሄ አንድ ቀን ይገድላቸው ነበር። ድንጋዩ ሁሉ ይውጣ። እግር ይሠራለት። እግሩ አሸዋውን አልፎ ወለሉን ይርገጥ። ድንጋዩ ከአሸዋው በላይ አራት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ከዚያ እነሱ እስኪደክማቸው ይቆፍሩ።»

«እግሩ ከምን ነው የሚሠራው?»

«ከቧንቧ ነዋ።»

ሐኪሟ መስታወቱን አየች። ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ በዚያ ሁሉ ቀለም መሐል። «ያስጠላል» አለች። «ደግሞ ኮራሎቹ ሲወጡ ሊሞቱ ይችላሉ። ይሄን ዕቃ የሚያቀርበው ሰውም እንዲህ ሲሠራ አላየሁም።»

«እንደፈቀዱ ዶክተር» አሉና ማንኪያውን አስቀምጠው ተነሡ። ቦርሳቸውን አነሡ። በሩ ጋ ደርሰው ነበር።

ነርሷ ሐኪሟን አየቻት። ስድስት ዓመት አብራት ሠርታለችና ሲያስፈልግ ሳትናገር መቆጣት ትችላለች።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለች ሐኪሟ።

«እሁድን ከሰጡኝ ይበቃኛል።»

እሁድ ጠዋት ሐኪሟ በሩን ከፍታላቸው ልትመለስ ነበር ያሰበችው። አማቷ ያመጡትን ስታይ ቀረች። ስድስት ባልዲ፣ አራት ሳፋ፣ አንድ ክምር አሮጌ ፎጣ፣ ሦስት ሜትር ነጭ ቧንቧ፣ ድፍን የፕላስቲክ ዘንግ፣ መጋዝ፣ መሰርሰሪያ፣ ሊጥ የሚመስል ውሃ ውስጥ የሚደርቅ ማጣበቂያ፣ እንደ ወንፊት የተበሳ የፕላስቲክ ሰሌዳ። ሰሌዳው ከእግሮቹ ሥር የሚነጠፍ ነው፤ ክብደቱ አንድ ቦታ መስታወቱን እንዳይጫነው። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሊያደርገው እንደማይችል ማንም ያያል። እሳቸው ግን «ይሂዱ፣ ይረፉ» አሏት። ቀሚሷን በሥራ ካፖርቷ ለወጠች።

ውሃውን በጎማ ቱቦ ወደ ሳፋዎቹ ሳቡት። ዓሦቹን በመረብ አወጡ። ኮራሎቹን በባልዲ በባልዲ ለዩአቸው፤ ማሞቂያ ከተቱላቸው። ትልቁን ድንጋይ ሐኪሟ ስታነሣው አንዱ ቀዳዳ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። የጠፋው ኮንትራክተር ነበር። አምስት ቀን ሙሉ እዚያ ተቀምጦ ኖሯል። ከስቷል እንጂ ጭረት እንኳ የለበትም።

«ከሥራ ቦታው አልጠፋም፤ ይሄስ ከሰውም ይሻላል» አሉ አማቷ።

የጠቆረውን አሸዋ በጆንያ አወጡት። አማቷ የድንጋዮቹን ሥር እያገላበጡ አዩና በእርሳስ ምልክት አደረጉ፤ ለእያንዳንዱ ትልቅ ድንጋይ ሦስት ነጥብ።

«ለምን አራት አይሆንም?» አለች።

«አራት እግር ይወላገዳል፤ አንዱ ሁልጊዜ ያጥራል። ሦስት እግር የትም ቢያስቀምጡት ይረግጣል።»

ምልክት የተደረገበትን እንድትሰረስር መሰርሰሪያውን ገፋ አደረጉላት። «መቼም በዚህ እኔ አላስተምርዎትም» አሉ። «ይሄኛው ደግሞ አይጮህም።» ሐኪሟ ሳቀች። ድንጋዩን ጭኗ ላይ በፎጣ ደግፋ ሰረሰረች። ስድስቱን ቀዳዳ ጨርሳ ድንጋዮቹን ልታጥብ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች።

ከዚያ ሆና የመጋዙን ድምፅ ሰማች። ጀመረ፤ ቆመ። እንደገና ጀመረ፤ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እጇ እንደረጠበ ወጣች።

አማቷ ወለሉ ላይ አነስተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው አምስት የተቆረጡ ቧንቧዎች ተበትነዋል፤ አምስቱም ጠማማ ናቸው፤ አንዱ እንደ ብዕር ጫፍ ሾሏል። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። አውራ ጣታቸው አመልካች ጣታቸው ላይ ይመላለሳል፤ ክኒን የሚያንከባልል ይመስላል። በግራ እጃቸው ቀኙን አንቀው ይዘውታል። አልሰሟትም ነበር።

ቀና ሲሉ አዩዋት።

«ሲበርደኝ ነው» አሉ።

ክፍሉ ይሞቃል፤ አራት ማሞቂያ በርቷል። ሐኪሟ የጥርስ ሐኪም ብትሆንም ሐኪም ናት። ያየችውን ዓይነት እጅ ከመጽሐፍም ከሰውም ታውቀዋለች። ወዲያው የታያት ግን በሽታው አልነበረም። ትሪው ነው የታያት። አንድ ዓመት ሙሉ በተዘጋ በር የገባው ሾርባ፣ ግማሽ ብቻ የሚቀዳው ሻይ፣ ኮት ኪስ ውስጥ የሚውለው እጅ።

ሐኪሟ እርሳሱን አነሣችና አዲስ ቧንቧ ላይ ምልክት አደረገች። አማቷ ጥቂት ጊዜ መጋዙን ተመለከቱት። ከዚያ እጀታውን ወደ እሷ አዙረው ዘረጉላት።

«ያዢው» አሉ።

ይያዙት አላሉም። ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ።

«አትግፊው። ክብደቱን ብቻ ስጪው፤ እሱ ራሱ ይሄዳል። እንዴ! ጥርስ ስትነቅዪም እንዲህ ነው የምትታገዪው?»

«ጥርስ በመጋዝ አልነቅልም አባባ።»

«እግዜር ይመስገን።»

ሦስተኛው ቧንቧ ቀጥ ብሎ ወጣ። አማቷ አነሡት፤ ጠረጴዛው ላይ አቆሙት፤ ውሃ ልካቸውን ላዩ ላይ አጋደሙና አረፋዋ መሐል ላይ ስትቆም አዩ። «ይሄ ሆነ» አሉ። እያንዳንዱ ቧንቧ ጎንና ጎኑ እንዲበሳ አዘዙ፤ ውስጡ ውሃ ታፍኖ እንዳይቀር። እሳቸው ያያሉ፣ ይለካሉ፣ ይናገራሉ፤ እሷ ትቆርጣለች። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ሥራዋን ሳታቆም፣

«ያን ጊዜ ስለ ማጠቢያው...» አለች።

«ልጁ ጎበዝ ነበር» አሉ። «አንድ መጋጠሚያ ላይ ብቻ ነው የተሳሳተው። እስካሁን ያንጠባጥባል አይደል?»

«ያንጠባጥባል።»

«አውቃለሁ። ሁልጊዜ እሰማዋለሁ።»

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ...»

«አልተጠራሁማ።»

መጋዙን አስቀመጠችው። «እጅዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አባባ።»

አማቷ ወደ ሳፋዎቹ አዩ። «አምና» አሉ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ያወቀው ሾርባው ነው። ማንኪያው አፌ ጋ ሲደርስ ባዶ ሆኖ ይደርስ ጀመር። ዶክተር ፊት እንዲህ መሆን...»

«እኔ ደግሞ ያኮረፉኝ መስሎኝ ነበር።»

«አኩርፌሽም ነበር። እሱ ሌላ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ድንጋዮቹ በእግራቸው ቆሙ። ሁለቱ ትልልቆቹ ሦስት ሦስት እግር አላቸው፤ ከእግሮቹ ጫፍ የወጣው ድፍን ዘንግ የተሰረሰረው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በማጣበቂያ ታስሯል፤ የእግሮቹ ሥርም ከሰሌዳው ጋር ተጣብቋል። ጠፍጣፋው በሁለቱ ላይ ተጋድሞ እሱም በዘንግ ተሰክቷል፤ ሐኪሟ በሁለት እጇ ገፋችው፤ አልነቃነቅ አለ። ከዚያ አሸዋውን፣ አዲስና ንጹሕ፣ በእግሮቹ ዙሪያ አፈሰሱ። አማቷ ግራ እጃቸውን ገንዳው ውስጥ ከተው ከአሸዋው እስከ ድንጋዩ ሆድ አራት ጣታቸውን አስገቡ። በቂ ነው አሉ።

ውሃው ተመለሰ፤ ፓምፑ ተነሣ። ለአንድ ሰዓት ያህል እንደ ወተት ሆነ። እነሱም ወለሉ ላይ በረጠበ ፎጣ መሐል ተቀምጠው ጠበቁ። ሲጠራ አማቷ ትንሽ የዓሣ ምግብ በጣታቸው ፈርፍረው ከኋላ ጣሉ። ፍርፋሪው ከድንጋዮቹ ሥር ገባ፤ በእግሮቹ መሐል አለፈ፤ በፊት ለፊት ወጣ። ከሥር የቀረ የለም።

ማክሰኞ ዕለት ታካሚዎቹ ድንጋዩ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ መስሏቸው ይከራከሩ ጀመር። ነጮቹን እግሮች ያየ ሰው አልነበረም፤ ጥላው ሸፍኗቸዋል፤ ሐኪሟ የፈራችው ሳይሆን ቀረ። ጨዋው መጣና ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ሥሩን ሲያይ ቆየ።

«ይሄን የሠራው ባለሙያ የት ነው የሚገኘው?» አለ።

«ቤቴ» አለች ሐኪሟ።

ኮንትራክተሮቹ በሳምንቱ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከአንዱ እግር ሥር እስከ ሰሌዳው ድረስ ቆፍረው ጉድጓድ አበጁ። የወደቀ ነገር የለም። ከተሰበረው ኮራል ሁለቱ ስባሪዎች ተጣብቀው ነበር፤ አንዱ በቀለ፣ አንዱ ሞተ።

የእጁ ነገር ከድንጋዩ ይልቅ ጊዜ ወሰደ። ሐኪሟ አብራት የተማረች የነርቭ ሐኪም ነበረቻትና ቀጠሮ ያዘችላቸው። አማቷ አልሄድም አሉ። «ዕቃ ያረጃል፤ ምን ይደረግ» ብለው አለፉት። ሁለተኛ ቀጠሮ ያዘች፤ እሱንም አለፉት። እሷም አልለመነቻቸውም። ብቻ አንድ ምሽት ትሪውን አላዘጋጀችም። ሾርባውን ሁለት ሳህን ቀድታ ገበታው ላይ አስቀመጠችና በራቸውን ቆረቆረች።

«ራት እዚህ ነው አባባ።»

ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ተቀመጡ። ማንኪያው ተንቀጠቀጠ፤ ግማሹ ሾርባ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ጥቂቱ ሸሚዛቸው ላይ። ሐኪሟ ስለ ልብስ ሰፊው ታወራ ነበር፤ ወሬዋን አላቆመችም። ጠረጴዛውን የጠረገችው ሁለቱም በልተው ሲያበቁ ነው። በማግስቱ ዳርቻው ከፍ ያለ ጎድጓዳ ሳህን ገዛች፤ ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም።

ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ሄዱ። የነርቭ ሐኪሟ አስኬደቻቸው፤ ጣታቸውን አስቆጠረቻቸው፤ ስማቸውን አስጻፈቻቸው። ፊደሉ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው እያነሰ ሄዶ ጉንዳን አከለ። በሽታው ቶሎ የሚገድል እንዳልሆነ፣ የሚድንም እንዳልሆነ፣ መድኃኒቱ በቀን አራት ጊዜ ከወሰዱት ብዙ እንደሚያግዝ ነገረቻቸው። የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«መሰላል?»

«መሰላል ይቅርብዎት።»

መኪና ውስጥ ሐኪሟ ሬዲዮ ከፈተች፤ ዘጉት። ቤት ሲደርሱ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ፤ እሷም ተወቻቸው። በማግስቱ ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳቸውን ይዘው ወጥ ቤት ገቡ። ከማጠቢያው ሥር መግባት አልቻሉም፤ እሷ ተንጋልላ ገባች፤ እሳቸው ባትሪ አበሩ። መጋጠሚያውን በስንት ዙር እንደምታጠብቀው ነገሯት። መንጠባጠቡ ቆመ።

ባሏ ከመስክ የተመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው። አባቱ ሚስቱን «አንቺ» ሲሏት ሰምቶ መጀመሪያ የተቆጧት መስሎት ደነገጠ። በሽታውን ራሳቸው ነገሩት፤ ዳቦ እየቆረሱ፣ የሰው ወሬ እንደሚያወሩ ሆነው። እንባው ሲመጣበት፣

«አሁን ምን የሚያስለቅስ ነገር አለ? ጨው አቀብለኝ» አሉት።

ሰውየው ሚስቱን ብቻዋን ሲያገኛት ተቆጣ። «ሁለት ወር ሙሉ በስልክ ስታወሪኝ እንዴት አትነግሪኝም?»

«የእኔ ወሬ አልነበረማ» አለችው።

ነገሩ እዚያ አበቃ። መድኃኒቱ ለአማቷ ጥሩ ጥሩ ቀኖች ሰጣቸው፤ አንዳንድ መጥፎም። ዘወትር ሐሙስ ክሊኒኩ ይመጡና ነርሷ ባልዲ ስታቀብል የገንዳውን ውሃ በከፊል ያስቀይራሉ። ታካሚዎች የሐኪሟ አባት ይመስሏቸዋል፤ ማንም አላረማቸውም።

ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ክሊኒኩ ጠበበ። ሐኪሟ ከመንገዱ ማዶ ምድር ቤት ላይ ሰፊ ክፍል አገኘች። ወንበሩ ተጓዘ፣ መብራቱ ተጓዘ፣ የካርዱ መደርደሪያ ተጓዘ፤ የቀረው ገንዳው ነበር። አዲስና ትልቅ መስታወት ማዶ ተዘጋጅቶ ውሃው ሞቆ ይጠብቃል። ጨዋው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ፈትቶ ለማውጣት ግማሽ ቀን መድቦ መጣ። አማቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይፈታም። እንዳለ ነው የሚወጣው።»

ውሃው ወረደ። ባሏና ጨዋው ከሰሌዳው ግራና ቀኝ ያዙ፤ ልብስ ሰፊውና አንድ የልብስ ሰፊው ደንበኛ፣ ሱፉን ሊለካ መጥቶ የተያዘ ሰው፣ ከፊትና ከኋላ። አንሥተው ሲያወጡት መላው ነገር፣ ሁለቱ ትልልቅ ድንጋዮች፣ ጠፍጣፋው፣ ኮራሎቹ፣ ከእነ እግሩ እንደ ጠረጴዛ ወጣ። ውሃ እያንጠባጠበ ጥቂት ቆሙ። ነርሷ በረጠበ ፎጣ ሸፈነችው። ደረጃውን ሲወርዱ አማቷ ከላይ ሆነው «ቀስ! ጎንበስ! ማነህ አንተ ባለ ሱፉ፣ ወደ ግራህ!» እያሉ መሯቸው።

መንገዱ ላይ መኪና ይበዛ ነበር። የትራፊክ ፖሊሱ አራት ሰው በፎጣ የተሸፈነ ነገር ተሸክሞ ሲመጣ አየና ሬሳ መስሎት መኪናውን ሁሉ አስቆመ፤ ኮፍያውንም አወለቀ። አጠገቡ ሲደርሱ ከፎጣው ሥር ነጫጭ እግሮች አየ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ድንጋይ ነው» አለች ባልዲ ይዛ የምትከተለው ነርስ።

«ድንጋይ በፎጣ?»

«እንዳይደርቅ ነው።»

ፖሊሱ ኮፍያውን መልሶ አደረገ። ተሸካሚዎቹ ተሻግረው በአዲሱ በር ገቡ። ሾፌሮች ጡሩምባ መንፋት ጀምረው ነበር፤ ፖሊሱም እጁን ሊያወርድ ሲል አማቷን አየ። ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቆመው ነበር፤ በሽታው እንዲህ ያደርጋቸዋል፣ እግራቸው መነሣት ሲያቅተው ባሉበት ይቀራሉ። ሐኪሟ ክንዷን ሰጠቻቸው። አልጎተተቻቸውም። እንዲጀምሩ ጠበቀች።

«ግራዬን ነው?» አሉ።

«ግራዎትን።»

ግራቸው ተነሣ። አጫጭር እርምጃ እየተራመዱ አስፋልቱ መሐል ደረሱ። ከማዶ የባሏ ድምፅ «የት ጋ ነው የምናስቀምጠው?» እያለ ይጣራል። አማቷ ሳይቆሙ «ሳልመጣ እንዳትነኩት!» ብለው መለሱ። የኋለኞቹ መኪናዎች ጡሩምባቸውን አጠነከሩ። ፖሊሱ አንገቱን አዙሮ አየና እጁን እንደዘረጋ ቆየ።